ለጠመንጃ ፋብሪካ የተቀመጠ ለቅሶ

የሳጥኑን ክዳን በመፈንቀያ ከፍ ሳደርገው ሽታው ከውስጥ ወጥቶ አፍንጫዬ ላይ አረፈ። የቆየ ግራሶ፣ በሰም የተነከረ ወረቀት፣ እርጥበት አይቶ የደረቀ ጣውላ። የቆምኩት አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ የጠመንጃ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነበር። ውጪ አውቶቡስ ያልፋል፣ ፊት ለፊት ያለው ጎማ ቤት ይንጣጣል። እኔ ግን ለአፍታ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ቢቸና፣ ወንዝ ዳር፣ ከባሻ ተሰማ ጎጆ በር ላይ ቆሜ ነበር።

ሳጥኑ የመጣው ከከሰረ ፋብሪካ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የሞተ ስም በከንቱ አይነሳም። አሜሪካኖች ከቅድመ አያቶቻቸው ዘመን ጀምሮ ዳክዬና አጋዘን ያደኑበትን ጠመንጃ ሲሠራ የኖረ ቤት ነው። ሳጥኑ በመጣባቸው ዓመታት አንዱ አንጋፋ የጠመንጃ ፋብሪካ ሌላውን ተከትሎ ሲወድቅ አይተናል። የሱቁ ባለቤት ሊንዳ ምክንያቱን አስረድታኛለች። ሰው መሣሪያ ሊከለከል ነው ብሎ ሲፈራ ያለውን አውጥቶ ይገዛል፤ ፍርሃቱ ሲያልፍለት ግን ቤቱ ሞልቷልና ዞር ብሎ አያይም። ፋብሪካው ደግሞ ፍርሃቱ የሚዘልቅ መስሎት አብዝቶ ሠራ። በዚያ ላይ የገዙት ባለሀብቶች በስሙ ተበድረው ዕዳውን ጀርባው ላይ ጭነውበት ኖሯል። ጠመንጃው ሳይከፋ፣ ሠራተኛው ሳይሰንፍ፣ ቤቱ ፈረሰ። የመለዋወጫው መጋዘን በጨረታ ሲሸጥ ለሊንዳ አንድ ሳጥን ደረሳት።

እኔ በዚያ ሱቅ ጓዳ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበርኩ። ጠጋኝ ማለትም ያንሰኛል፤ ከኦሮራ እስከ ኮሜርስ ሲቲ የእኔን ያህል የሚያውቅ እንዳልነበረ ሊንዳም ትመሰክራለች። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው። እንግሊዝኛ የለመድኩት ከዚያው ፋብሪካ የመለዋወጫ መጽሐፍ ላይ ስለሆነ፣ ወሬው ምላጭና ሞላና ብሎን አካባቢ ሲደርስ እንግሊዝኛዬን የሚያቆመው የለም። ከዚያ በፊት ግሌንዴል ፎቆች ሥር የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ፣ ቀጥሎም ታክሲ ስነዳ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ጠመንጃውን በሽፋኑ የያዘ ተሳፋሪ እዚህ ሱቅ ሳወርድ ዕቃ የሚገዛ ሰው መስዬ ተከትዬው ገባሁ። ሊንዳ ጠመንጃውን አየችና ወደ ፋብሪካው ይላካል፣ ሁለት ወር ይፈጃል አለችው። አርባ ደቂቃ ስጡኝ አልኩ። በሠላሳ አምስቱ ጨረስኩ። ከዚያ ወዲያ ታክሲ ነድቼ አላውቅም።

ሊንዳ ስሜ «ጋሼ» ይመስላታል። ምን ብዬ ልጥራህ ስትለኝ የሰፈር ልጆች የሚሉኝን ነገርኳት፤ እሷም እንዲሁ ይዛው ቀረች። ሐበሻ ደንበኞች ይህቺ ነጭ ሴትዮ «ጋሼ፣ ጋሼ» እያለች ስትጣራ ሰምተው ይስቃሉ። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ አይለይም፤ እኔ ግን ሁልጊዜ እርስዎ እንዳለችኝ አድርጌ ነው የምሰማው።

ሳጥኑ የመጣ ዕለት አጠገቤ መጥታ ቆመችና፣ «ጋሼ፣ ይሄ የመጨረሻው ነው። እዚህ ውስጥ ያለው ሲያልቅ ጥገናውን እንዘጋለን» አለችኝ። ጠረጴዛዬ ተነሥቶ በቦታው የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ይደረደራል። ሰባት ዓመት ሙሉ በእጄ ላብ የተወለወለ ጠረጴዛ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ወደ መሪ የምመለስ ሰው አልነበርኩም። «እግዜር ያጽናሽ» አልኳት በአማርኛ። ምን ማለት ነው አለችኝ። ሰው ሲሞት የሚባል ነው ብላት ሳቀችና ፊቷን አዞረች።

እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ፋብሪካ ሲሞት ለቅሶ እንደሚቀመጡለት ገና በልጅነቴ አይቻለሁ።

ባሻ ተሰማ ረጅም፣ ቀጭን፣ የቀኝ ቅንድባቸውን እሳት የበላው ሰው ነበሩ። ባሻነቱን ያገኙት በጠላት ዘመን ዱር ለነበሩ አርበኞች ጠመንጃ በመጠገን ነው። በማዕረጋቸው የሚጠራቸው ግን ጠመንጃው የተበላሸበት ሰው ብቻ ነበር፤ ከኋላቸው ሁሉም «ቀጥቃጩ» ነው የሚላቸው። ጎጆአቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ አጠገብ ነው። በዚያ ስናልፍ እናቴ ነጠላዋን ፊቴ ላይ ትጥልብኛለች፤ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላልና ዓይናቸው እንዳያርፍብኝ። የአገሩ ወንድ ሁሉ ነፍሱን የሚያምንበትን ጠመንጃ ይሰጣቸዋል፤ ከቤታቸው ግን ውኃ እንኳ አይቀምስም።

ይሰጣቸዋል ስል ጥሎላቸው ይሄዳል ማለቴ አይደለም። ሚስትና ጠመንጃ ሰው ቤት አያድሩም ይሉ ነበር የእኛ አገር ሰዎች። ባለጠመንጃው ሥራው እስኪያልቅ እዚያው ይጠብቃል። ለዚህ ሲባል ባሻ ብረት ከሚያስሩበት ሞርሳ ፊት ለፊት አንድ የግራር ግንድ ተጋድሟል። እዚያ ግንድ ላይ የከብት ዋጋ፣ የመሬት ክርክር፣ የጎረቤት ሐሜት ሲወራ ይውላል። ባሻ አይናገሩም። ሞረዳቸው ያፏጫል፤ አልፎ አልፎ ወናፉ ይተነፍሳል፤ የጋለ ብረት ኑግ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይንጫጫና ጎጆው ሽሮ ያረረበት ቤት ይመስላል።

ግድግዳቸው ላይ ሁለት ሥዕል ነበር። አንዱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ሌላው ከባሕር ማዶ ፋብሪካ የመጣ የመለዋወጫ መጽሐፍ ሽፋን ነው፤ ሦስት ጭስ ማውጫዎች፣ ከእነሱ በላይ በክብ ውስጥ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ አንድ ሽማግሌ። ባሻ ማንበብ አይችሉም። እኚህ ሽማግሌ ግን ዛሬም ከሠራተኞቻቸው መሀል ቁጭ ብለው እያንዳንዷን ሞላ በጣታቸው እየሞከሩ የሚያሳልፉ ጌታ መሆናቸውን ለአንድ ቀን አልተጠራጠሩም። ዕቃ የሚያስመጣላቸው አዲስ አበባ ያለ አርመን ነጋዴ ነው። ደብዳቤ ሲያስጽፉ ለጌታው ጤና ይስጥልኝ ሳይሉ አይዘጉም። አንድ ዓመት መስቀል እንዳለፈ ነጭ ማር በቆርቆሮ አሽገው ላኩላቸው።

ከተማው በሳቅ ሞተ። አንዱ ከግንዱ ላይ ሆኖ፣ ፈረንጁ ጠጅ ይጥልበታል ወይስ በርሜል ይወለውልበታል ብሎ ጠየቃቸው። ባሻ ከሞረዳቸው ቀና ሳይሉ፣ «ሰው ላበላው ሰው ማር ይልካል» አሉ። በቃ፣ ሌላ አልተናገሩም።

በዚያው ዓመት የአባቴ ጠመንጃ የምላጭ ሞላ ተሰበረ። ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ እንደ ምላስ የሳሳ ብረት ነው፤ ያለ እሱ ግን ጠመንጃው ዱላ ነው። ክፋቱ ደግሞ እህቴ የሺ በጥር ልትዳር ነው። በእኛ አገር ሙሽራው ከነአጃቢው እየተኮሰ ይመጣል፤ የሙሽሪት አባት ከደጁ ቆሞ በራሱ ጠመንጃ ይመልሳል። በውሰት ጠመንጃ የሚመልስ አባት ልጁንም ተውሶ የዳረ ያህል ይታማል። ባሻ በጊዮርጊስ ማሉ፤ ጌታው ይልኩታል፣ የገና በዓል ሳያልፍ ይደርሳል አሉ። አባቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመንጃውን ሰው ቤት አሳደረ። በየሳምንቱ ግን እኔን አስከትሎ እየሄደ ግንዱ ላይ ይቀመጥና የተፈታውን ጠመንጃ ያያል። የታመመ ዘመድ የሚጠይቅ ነበር የሚመስለው።

ደብዳቤው የደረሰው በገና ማግስት ነው። ነጋዴው በአማርኛ አስጽፎ የላከው ነው። ግንዱ ላይ ከነበሩት ስድስት ሰዎች አንዱም ፊደል አልቆጠረም። እኔ ቆጥሬያለሁ። የቄስ ተማሪዎች ሲያዜሙ አጥር ተደግፌ ሰምቼ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ብቻዬን የያዝኩት ነው፤ አባቴ እንኳ አያውቅም። ላንብበው አልኩና ከባሻ እጅ ተቀበልኩ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ፋብሪካው ገበያ አጥቶ ለሌላ ሰው ተሽጧል። ከእንግዲህ የሚሠራው ብስክሌት ነው፤ የተጠየቀው ሞላ የለም። ማሩን የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ተካፍለው በልተው አመስግነዋል። በሥዕሉ ላይ ያሉት ሽማግሌ ግን ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል።

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር አንድም ፊደል ሳልስት ስለተወጣኋት ምስጋና ጠብቄ ቀና አልኩ። በአገራችን መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ይላካል፣ ማለዳ ይደረሳል፣ ዙሪያ ጥምጥም ተሂዶ ነው የሚነገረው። የአባቴ ኩርኩም አናቴ ላይ ሲያርፍ ነው የገባኝ። ባሻ ሞረዳቸውን አስቀመጡ። ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩትና፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳላለቅስላቸው» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ወደ ጓዳ ገቡ።

ለቅሶ ተቀመጡ። ወሬው ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲዳረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም፤ ቀጥቃጩ ለፈረንጅ ብረት ቤት ከል ሊለብስ ነው ተባለ። ለአባቴ ግን ሳቅ አልመጣለትም። ለሠርጉ የቀረው አሥራ ስድስት ቀን ነው፤ ጠመንጃው ደግሞ እንደተፈታ የሞላ ያለህ ይላል። በነጋታው ዱላውን ይዞ ሊጣላቸው ወጣ። እኔም ከኋላው።

በሩ ክፍት ነበር። ባሻ ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል፣ ሚስታቸው ጥግ ይዘዋል፤ ሌላ ሰው የለም። ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚጣላ ሰው አልተፈጠረም። አባቴ ደፍ ላይ ቆመ። ሰውዬውን ዕድሜ ልኩን አንተ ሲል የኖረ ነው። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ «እግዜር ያጽናዎት» አለና አጠገባቸው ተቀመጠ።

አባቴ የተቀመጠበት ለቅሶ ሰው አያጣም። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ የግንዱ ሰዎች አንድ በአንድ መጡ፤ መጀመሪያ ሊያፌዙ፣ ኋላ ግን ማፌዙን ማን ይጀምር ብለው ቁጭ አሉ። የባሻ ሚስት ንፍሮ ይዘው ወጡ፤ ሰው እንደማይቀበላቸው ስለሚያውቁ ወጭቱን መሬት ላይ አስቀምጠው ሊመለሱ ሲሉ አባቴ እጁን ዘረጋ። ዘግኖ በላ። ለእኔም ሰጠኝ። እኔ እንደሆንኩ ምንም አልሆንኩም፤ ሰባ ዓመት አልፎኝም ጥርሴ የራሴ ነው።

ባሻ ወደ አባቴ ዞሩ።

«ጌታው በሕይወት አሉ ብዬ ነው የማልኩልህ ከበደ። አንድ ነገር ቢበላሽ እሳቸው አሉ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ዘመን እጄን የማሳርፍበት። አሁን ማን ቀረ?»

አባቴ ንፍሮውን አላምጦ እስኪውጥ ጠበቁት።

«እርስዎ ቀሩ» አለ።

በሦስተኛው ቀን ባሻ ታጥበው ወጡ። ጣሊያን ገደል ሥር ጥሎት የሄደ ካሚዮን ነበር፤ ወርደው ከባሌስትራው፣ ጎማው ላይ ከሚተኛው የሞላ ብረት፣ ክፋይ አምጥተው በመጋዝ ሲቆርጡ ዋሉ። የመጀመሪያው ሞላ ደርቆ ሲሞከር ተሰበረ። ሁለተኛው ለስልሶ ጎበጠ። ሦስተኛውን ከኑግ ዘይቱ አውጥተው ፍም ላይ ሲያሞቁት ከግንዱ ላይ ጠሩኝና ዓይኔን ከብረቱ እንዳልነቅል ነገሩኝ። መጀመሪያ እንደ ጭድ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይጠይማል፣ ቀጥሎ እርግብ አንገቷን ስታዞር የሚታየውን ሰማያዊ ያመጣል። እዚያ ላይ አወጡት። ሌላው ሁሉ ሰው ስለ ሠርጉ ሲያወራ፣ ያን ሰማያዊ ያየነው ሁለታችን ብቻ ነን። ባየሁት ቅጽበት ተማርኩት። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው የሰጠኝ፣ ምን ላድርግ።

በሠርጉ ቀን ሙሽራው እየተኮሰ መጣ፤ አባቴ ከደጁ ቆሞ መለሰ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፤ ሞላው እንደ ቁልፍ ጠቅ ይላል። ባሻ አጥር ዳር ቆመው በጆሮአቸው ይቆጥራሉ። አባቴ ሄዶ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ዳሱ አስገባቸውና ከጎኑ አስቀመጣቸው። ሦስት ሰዎች ከገበታው ተነሥተው ሄዱ። እናቴ ለረጅም ጊዜ ቆማ አየች፤ ከዚያ ወጡን ራሷ ይዛ መጥታ እፊታቸው አወጣች።

ባሻ የሞቱት እኔ በሱዳን በኩል ከወጣሁ በኋላ ነው። ልጅ አልነበራቸውም። መንግሥት ሲለወጥ የአባቴም ጠመንጃ ከሌሎቹ ጋር ተወረሰ ብለው ዘመዶቼ ጻፉልኝ። ሞላው አብሮ ሄደ።

ወደ ኦሮራ ልመለስ። ሳጥኑ በዚያው በጋ አለቀ። ከታች የቀረው ወረቀትና ጥቂት ብሎን ነበር። ሊንዳ የዓሣ ማጥመጃውን ዕቃ አዛለች፤ አንድ ቀን ሜትር ይዛ መጥታ ጠረጴዛዬን ስትለካ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። በዚያው ሳምንት ሬይ የሚባል ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ከኮሜርስ ሲቲ መጣ። የአባቱን ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ይዟል፤ ያው የሞተው ፋብሪካ የሠራው ነው። ሞላው ተሰብሯል። ያን ዓይነት ሞላ ፋብሪካው ራሱ ከተወው ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሳጥኑ ውስጥም አልነበረም። ሊንዳ ይቅርታ ጠይቃ ልትመልሰው አፏን ስትከፍት፣ ወንበር ሳብኩና ሬይን፣ «እዚህ ጋ ቁጭ በል» አልኩት።

ሬይ ጠመንጃውን ትቶ የሚሄድ መስሎት ነበር። የለም፣ አልኩት፤ በእኔ ጠረጴዛ ባለቤቱ ይቀመጣል። ማክሰኞ ጀመርኩ። ሬይ በየጠዋቱ ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ እየመጣ ስለ ዋዮሚንግ በረዶ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል። እኔ እየሞረድኩ አልተናገርኩም፤ ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ረቡዕ ዘይቱ ጨሶ የእሳት ደወሉ ጮኸ። ሊንዳ ማጥፊያውን አቅፋ እየሮጠች መጣች፤ ሬይ እጁን አንሥቶ አስቆማትና፣ «ተዪው፣ እየሠራ ነው» አላት። የመጀመሪያው ሞላ ተሰበረ። ጥፋቱ የብረቱ ነው። ሁለተኛው ሰማያዊውን አመጣ።

ሐሙስ ገጥሜ ቃታውን ሳብኩ። ጠቅ አለ። ደግሜ ሳብኩ። ሊንዳ ሜትሩን ይዛ ከኋላዬ ቆማ ስትሰማ ቆየችና፣ ይህን ያለ ፋብሪካ ነው የሠራኸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኩ። ሌላም መሥራት ትችላለህ ወይ አለች። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ የተሠራውን ሞላ ሁሉ እችላለሁ አልኳት፤ ከዚህ ውስጥ ግማሹ እውነት ነው። ሜትሩን ወደ ኪሷ መለሰች፤ የዓሣው ዕቃ ፊት ለፊት መስኮቱ ጋ ይሁን አለች።

የቀረኝ መክደን ብቻ ነበር። ሞላ አይጫርም፣ ከተጫረበት ይሰበራል፤ ስም የሚጻፈው ከላይ የሚሸፍነው ሳህን መሰል ብረት ውስጠኛ ፊት ላይ ነው፣ ፋብሪካዎች ሁሉ እዚያ ነው የሚያትሙት። የብረት መጫሪያዬን አነሣሁ። ስሜን ልጽፍ ነበር፤ ደግሞም ይገባኛል። እጄ ግን በአማርኛ ፊደል «ተሰማ» ብሎ ጻፈ።

ሬይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጎንበስ አለና ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ።

«የፋብሪካው ስም ነው» አልኩት።